ልጄ ደጋግማ «ራሴን» ትላለች፤ ሲቲ ስካን ላስነሳት?

ጥያቄው የመጣው ከፍኖተ ሰላም ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ዶክተር፣ ልጄ 9 ዓመቷ ነው፤ 3ኛ ክፍል ናት። ከመስከረም ወዲህ በሳምንት አንዴም ሁለቴም ‹ራሴን፣ ራሴን› ትላለች። ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ነው። ፊቷ አመድ ይመስላል። ብርሃን አልይ ትላለች፣ አንዳንዴም ታስመልሳለች። ከዚያ ጥቅልል ብላ ትተኛና ስትነሣ ምንም እንዳልነካት ሰው ትጫወታለች። ሦስት ጊዜ ደሟን አስመርምረን፣ ሁለቱን ጊዜ ታይፎይድ ነው ተብላ መድኃኒት ወሰደች። ሻል ይላትና ደግሞ ይመለስባታል። ጎረቤቴ ‹ዓይኗ ነው፣ መነጽር ግዢላት› ትላለች። አያቷ ‹ዓይን ነው፣ ጠበል ውሰጃት› ይላሉ። እኔ የፈራሁት እጢ እንዳይሆን ነው። ባሕር ዳር ወስጄ ሲቲ ስካን ላስነሳት? መንገዱም ያሳስበኛል፤ መኪና ስትሳፈር ታስመልሳለች። እኔ ራሴን ሲያመኝ ሻሼን ጠፍሬ አስሬ እተኛለሁ፤ የልጅ ግን አያስችልም።»

እኅቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ቀሪውን ተረጋግተው ያነቡታል። ከጻፉልኝ ስነሣ የልጅዎ ሕመም ማይግሬን ይመስላል። ዛሬውኑ ተነሥታችሁ ባሕር ዳር የምትሮጡበት ምክንያት አይታየኝም። ግን «ይመስላል» ነው ያልኩት። ልጅቷን አላየኋትም። ስለዚህ አንድ ሐኪም በእጁ ሊመረምራት ይገባል። ምን ምን ማየት እንዳለበትም ወደ ኋላ ላይ እነግርዎታለሁ።

ማይግሬን ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው የአዋቂውን ነው፤ ግማሽ ራስን ለይቶ የሚፈልጠውን። ልጅ ላይ መልኩ ይለያል። ብዙ ጊዜ ግንባሯን ግራ ቀኙን ይይዛታል። ዕድሜውም አጭር ነው። በ2 ሰዓት ውስጥ ሊለቅ ይችላል፤ ከባሰ እስከ 3 ቀን ይቆያል። ልጅቷ ትገረጣለች፣ ጨዋታዋን ትተዋለች፣ ያቅለሸልሻታል፣ ብርሃንና ጫጫታ ያስጠላታል። ካስመለሰች ወይም እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ ይለቃታል። እርስዎ የጻፉት ይኸው ነው።

እኔን ይበልጥ የያዙኝ ግን የጥያቄዎ የመጨረሻ ሁለት ነገሮች ናቸው። እንደ ዋዛ ነው የጣሏቸው። «መኪና ላይ ታስመልሳለች።» «እኔ ሻሼን ጠፍሬ አስሬ እተኛለሁ።» ማይግሬን በዘር ይሄዳል፤ ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ። መኪና የማይስማማቸው ልጆችም ማይግሬን ካለባቸው መሀል ብዙ ናቸው። እርስዎ ሻሽ ጠፍረው ጨለማ ቤት የሚተኙባቸው ቀናት ማይግሬን ከሆኑ፣ ልጅቷ ከማን እንደወረሰችው ብዙ መመራመር አያስፈልገንም። ሐኪሙ ዘንድ ስትቀርቡ ይህን ሳይጠየቁ ይንገሩት። ወረፋ በበዛበት ቀን ላይጠይቅዎት ይችላል።

አዋቂ ሲጠየቅ ይመልሳል። ይፈልጠኛል፣ ይወጋኛል፣ ትር ትር ይልብኛል ይላል። የ9 ዓመት ልጅ ግን «ያመኛል» ብላ ዝም ነው። ስለዚህ እኔ ወረቀትና እስክሪብቶ እሰጣለሁ። «ራስሽን ሲያምሽ ምን ምን እንደሚያደርግሽ በሥዕል አሳዪኝ» እላለሁ። አንዷ ልጅ ሙቀጫ ሳለችልኝ። ሙቀጫው የራሷ ጭንቅላት ነው፤ ዓይንና አፍ አውጥታለታለች። ከላይ ዘነዘና አለ። ከጎን አልጋ አለ፣ ከአልጋው በላይ ያለውን መስኮት በእስክሪብቶ እያመላለሰች ጥቁር አድርጋ ደፍናዋለች። እናቷ «ምን ነካት ይቺ ልጅ?» ብላ ሳቀች። እኔ ግን የምፈልገውን አገኘሁ። የሚወቅጥ ሕመም ነው፣ ጨለማም ያስመኛል። አብሮ የመጣው አንድ ክምር የላብራቶሪ ወረቀት ይህን አልነገረኝም ነበር። እርስዎም ዛሬ ማታ ይሞክሩት። ወረቀቱን ግን እንዳይጥሉት።

አሁን ስለ ታይፎይዱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ራሱን አሞት ክሊኒክ ገብቶ «ታይፎይድና ታይፈስ» ሳይባል የሚወጣ ሰው እኮ ብርቅ ሆኗል። ለታይፎይድ የሚታዘዘው ምርመራ ዊዳል ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ያለ ነው። ምርመራው ጀርሙን ራሱን አያገኝም። የሚያየው ሰውነት ጀርሙን ሲዋጋ የተወውን ምልክት ነው። ያ ምልክት ደግሞ ሰው ከዳነ በኋላም ለወራት ይቆያል። ወባን ጨምሮ ሌላ ሕመምም ሊያስመስለው ይችላል። ዳሱ ሳይፈርስ ስለቆየ ብቻ «ዛሬም ሰርግ አለ» ብሎ እንደመግባት ነው። ታይፎይድ የያዘው ልጅ ትኩሳት አለው፤ ያውም ቀን በቀን የሚጨምር። ይዝላል፣ ምግብ ይዘጋዋል፣ ሆዱን ያመዋል። ከሰዓት ራሷን አሟት አመሻሹ ላይ ገመድ የምትዘል ልጅ፣ ትኩሳትም ሳይኖራት ለወራት ታይፎይድ ይዟት ሊሆን አይችልም።

«ታዲያ መድኃኒቱ ለምን ሻል አደረጋት?» ይሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ ማይግሬን በራሱ ይሄዳል፤ በሄደበት ሰዓት የተዋጠው ሁሉ ይመሰገናል። ሁለተኛ፣ መድኃኒት ስትወስድ እንዴት እንደከረመች ያስታውሱ። ከትምህርት ቤት ቀርታ፣ እስኪበቃት ተኝታ፣ እናቷ ባዘጋጀችው ገንፎና ሾርባ ነው የሰነበተችው። ያሻላት እሱ ይመስለኛል። ይህን ይያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ወባ ግን ከዚህ ለይተው ይዩት። ፍኖተ ሰላም የወባ አገር ነው። ራስ ምታቱ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ካለው፣ በተለይ ዝናቡ ካቆመበት ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ደሟ ይታይ። ጤና ኬላም ቢሆን በጣት ደም ያዩላችኋል።

አንድ የራሴን ጥፋት ልንገርዎ። ደብረ ማርቆስ አካባቢ ነው፣ ክረምት። ያ ብርድ መቼም ይታወቃል። አንዲት እናት ወንድ ልጇን ሁለት ጊዜ አመጣችልኝ። ጠዋት ሲነሣ ራሱን ያመዋል፣ ያጥወለውለዋል፤ ረፋድ ላይ ይለቀዋል። ሁለቴም መረመርኩት፣ ሁለቴም ማስታገሻ ጽፌ ሸኘሁት። በሦስተኛው እናትየዋ ራሷ ግንባሯን በመዳፏ ይዛ ተቀመጠች። «አንቺንም ያምሻል እንዴ?» አልኳት። «እኔንም፣ ታናሹንም» አለች። «አባታቸውስ?» «እሱ ዘበኛ ነው፣ ሌሊት ውጭ ነው የሚያድር። እሱ ደኅና ነው።»

ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። እራት ሲበላ የከሰል ምድጃውን ከነፍሙ ወደ መኝታ ቤት ያስገባሉ። በር ይዘጋል፣ መስኮቱ በጨርቅ ይወተፋል። ብርድ ላይ የሚያድረው አባት ደኅና፣ ሙቀት ያላቸው ሦስቱ ሕመምተኛ። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዘኛ ጋዝ ሽታ የለውም፣ አይታይም። «ጭሱ ካለቀ በኋላ የቀላው ፍም አይጎዳም» የሚል ሰው አሁንም ብዙ ነው፤ ሰው የሚገድለው ግን እሱ ፍም ነው። ምድጃው ወጣ፣ ራስ ምታቱም አብሮ ወጣ። ያ ቤተሰብ በሕይወት የተረፈው በእኔ ብልሃት አይደለም፤ እናትየዋ ሦስተኛ ጊዜ በመምጣቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ራስ ምታት ይዞ ለመጣ ልጅ ሁሉ «ቤት ውስጥ ሌላስ ማንን ያማል?» ሳልል አላልፍም።

የእርስዎ ልጅ የሚያማት ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ከሰል ዋነኛ ጥርጣሬዬ አይደለም። ቢሆንም ምድጃ ይዛችሁ የምታድሩ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር።

ጎረቤትዎና አያቷ አንድ ቃል ይዘው በሁለት በኩል መቆማቸው አስቆኛል። ከጎረቤትዎ ልጀምር። የማየት ችግር ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል፣ ግን ሰው የሚያስበውን ያህል አይደለም። ከመጣም ብዙ ካነበበች በኋላ ዓይኗና ግንባሯ አካባቢ ይከብዳታል እንጂ አያስመልሳትም። ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። ግድግዳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ራቅ ብላ ቆማ በአንድ ዓይኗ ታንብበው፤ ሌላውን በመዳፏ ትሸፍን። ከዚያ ተቃራኒውን። በዕድሜ የሚቀርባት ወንድም ወይም እኅት ካላት አብረው ይሞክሩ። አንዱ ዓይኗ ከሌላው ካነሰ፣ ወይም ሰሌዳ ለማየት ዓይኗን የምታጨነቁር ከሆነ፣ ዓይን ክፍል ይውሰዷት። መነጽር ግን ሳትመረመር ከገበያ አይገዛም።

አያቷን ደግሞ አይቃወሟቸው። ጠበሉን ትጠመቅ፣ ትጠጣም። እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። መድኃኒት አስትተው አይሁን። ሁለተኛ፣ ጠበል በባዶ ሆድ ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ በፀሐይ፣ ሳትበላ፣ ተሰልፋ ከቆመች ራሷ ይነሣባታል። ማልዳችሁ ሂዱና እንደጨረሰች የምትበላው ከእጅዎ ላይ ይኑር።

እዚህ ላይ ነው ያቆየሁትን የማነሣው። ማይግሬን ያለበት ልጅ ጭንቅላት ለውጥ አይወድም። ረኃብ፣ ጥማት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ፀሐይ፣ እነዚህ ናቸው ቀስቃሾቹ። ልጅዎ የጠዋት ፈረቃ ከሆነች ከቤት ስትወጣ ምን በልታ ነው የምትወጣው? ብዙ እናት «ቁርስማ ትበላለች» ትለኛለች። ልጅቷን ስጠይቃት ሻይ ነው። ግማሽ ብርጭቆ። ከዚያ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ምንም።

ውሃውም አለ። ሴት ልጆችን ብቻቸውን ስጠይቃቸው የሚነግሩኝ ነገር አለ። ትምህርት ቤት ውሃ አይጠጡም፤ ሆን ብለው ነው። ሽንት ቤቱ ይቀፋል፣ በሩ አይዘጋም፣ ወንዶቹ ያስቸግራሉ። ስለዚህ ጠዋቱን ሙሉ ተጠምታ ትውልና በቀትር ፀሐይ በእግሯ ቤት ትገባለች። ከዚያ «ራሴን» ትላለች። ይህን በየትኛው የደም ምርመራ ያገኙታል? ልጅቷን ለብቻዋ፣ ሳይቆጡ ይጠይቋት። እውነት ከሆነ ለመምህሯ መንገር ነው።

ቦርሳዋ ውስጥ የተቀቀለ ድንች ወይም ዳቦ፣ ኪሷ ውስጥ ቆሎ፣ እጇ ላይ አንድ የውሃ ኮዳ። ድንች በእኛ አገር ጠፍቶ አያውቅ! በዚህ ዕድሜ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋታል። ሳሎን ውስጥ ድራማ እስኪያልቅ አብራ የምታመሽ ከሆነ ይህ አይሞላም። ጾም ከጀመረችም፣ በዚህ ዕድሜ ፍልሰታን የማይጾም ልጅ እኛ አካባቢ ጥቂት ነው፣ ሕመሟን ለንስሐ አባታችሁ ነግራችሁ ሰዓቷን ያሳጥሩላት። ቤተ ክርስቲያን የታመመን አታስጨንቅም። ሌላ ደግሞ ማንም የማይጠይቀው ነገር አለ፦ ሹሩባዋ። ለበዓል ተብሎ ጠብቆ የተጎነጎነ ጸጉር ቆዳን ወጥሮ ራስን ያሳምማል። የሕመሙ ቀናትና የሹሩባው ቀናት ከገጠሙ ማላላት ነው።

የልብ ነገርም አለ። ሰኞ ሰኞ ብቻ የሚያማት፣ ወይም አንድ መምህር የሚገባበት ቀን ብቻ የሚነሣባት ልጅ አስመሳይ አይደለችም፤ ሕመሙ እውነት ነው። ባለፉት ዓመታት እዚህ አካባቢ ያደገ ልጅ ሌሊት ምን ምን ድምፅ ሲሰማ እንዳደረ ደግሞ እርስዎም እኔም እናውቃለን። «ሰበብ ነው» ብሎ መቆጣት ያባብሰዋል።

ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አይቻልም። ያለቀ ደብተር ጀርባውን ይጠቀሙ። ለአንድ ወር፣ በየሕመሙ ቀን፣ አንድ መስመር። እንዲህ፦ «ማክሰኞ። 7 ሰዓት ተኩል ጀመራት። ቁርስ ሻይ ብቻ። ትናንት የተኛችው ማታ 5 ሰዓት። አንዴ አስመለሳት። ግማሽ ፓራሲታሞል። 10 ሰዓት ላይ ተነሣች።» ከአሥር እንዲህ ዓይነት መስመር በኋላ መንስኤውን እርስዎ ራስዎ ለሐኪሙ ያሳዩታል።

ስለ ማስታገሻ አጠር አድርጌ ልናገር። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው አሳንሶና አዘግይቶ በመስጠት ነው፤ ልጅቷ አልቅሳ፣ አስመልሳ፣ ከዚያ ግማሽ ፍሬ። ፓራሲታሞል የሚሰጠው በኪሎ ነው፤ በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም። 25 ኪሎ ብትሆን ከ250 እስከ 375 ሚሊግራም ማለት ነው። «ጀመረኝ» እንዳለች ይሰጣት፣ ከውሃ ጋር፣ ከዚያ ጨለማ ክፍል ትተኛ። ካስፈለገ 6 ሰዓት ቆይቶ ይደገማል፤ በቀን ከ4 ጊዜ አይለፍ። በሳምንት ግን ከ2 ቀን በላይ መስጠት አይልመድብዎ። ማስታገሻ ሲበዛ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። በወር 15 ቀን ለወራት የወሰደ ሰው መድኃኒቱ ሲያልቅበት ራሱ ይነሣበታል፣ እንደገና ይውጣል፣ እንዲህ ሲዞር ይኖራል። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። እርስዎ ለራስዎ የገዙት የማይግሬን ክኒን ካለም ለእሷ አይሞክሩት። ዳማ ከሴ ለምች እየተባለ ይታሻል፤ ብታሸተው አልከለክልም፣ ዓይንና አፍንጫዋ ውስጥ መጭመቁ ግን ይቅር። ቁርሱና እንቅልፉ ተስተካክሎም በወር ከ4 ጊዜ በላይ ትምህርት የሚያስቀራት ከሆነ፣ ሐኪሙ በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ ሊያስብላት ይችላል።

ወደ ፍርሃትዎ እንምጣ። እጢ ልጅ ላይ ብርቅ ነው። ሲኖርም ራስ ምታት ብቻውን ለረጅም ጊዜ አይቆይም፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ሌላ ምልክት ይጎትታል። የእጢ ሕመም ብዙ ጊዜ ጠዋት ከእንቅልፍ ስትነሣ ይብሳል፣ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳታል፤ ስታስል፣ ስታምጥ፣ ስትጎነበስ ይጨምራል። ሳያቅለሸልሻት ጠዋት ጠዋት ታስመልሳለች። ከሳምንት ሳምንት እየከፋ ይሄዳል፤ እንደ እርስዎ ልጅ መጥቶ ሙሉ በሙሉ ተሰናብቶ አይሄድም። አዲስ የዓይን መንሸዋረር፣ አንዱን ሁለት አድርጎ ማየት፣ ስትሄድ መንገዳገድ፣ የአንድ ወገን መድከም፣ የእጅ ጽሑፍ መበላሸት፣ የሚጥል ነገር፣ ጠባይ መለወጥ፣ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ቀን ሳትቆጥሩ ሂዱ። ትኩሳት ኖሮ አንገቷ ከደረቀ ወይም ከደነዘዘች ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል በሌሊትም ቢሆን ሂዱ። ጭንቅላቷን ተመትታ ከዚያ ወዲህ ከጀመራትም አይዘግይ። ቤት ውስጥ ለሳምንታት የሚያስል ሰው ካለና ልጅቷ ከስታ፣ ፈዝዛ፣ ራስ ምታቱ ቀን በቀን ከሆነባት፣ የቲቢ ነገር መታየት አለበት።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ አቅራቢያችሁ ያለ ሐኪም ይበቃል። የሚያስፈልገው መሣሪያም ውድ አይደለም። የደም ግፊቷን ይለካ፣ በልጅ ልክ በተሠራ ማሰሪያ፤ በአዋቂው ከተለካ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ያታልላል። ልጅም ግፊት ይይዘዋል፣ በተለይ ፊቷ ካበጠና ሽንቷ ኮካ ከመሰለ ኩላሊቷ ይታይ። በባትሪ መሣሪያ የዓይኗን ጀርባ ይይ፤ አንጎል ውስጥ ግፊት ካለ እዚያ ላይ ምልክት ይተዋል። ተረከዝ ከጣት እያገጣጠመች በቀጥታ መስመር ያስኪዳት። የዓይኗን ሽፋን ገልጦ ደም ማነሷን ይመልከት። ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነና ደብተሩ የማይግሬኑን መልክ ካሳየ ሲቲ ስካን የሚጨምረው ነገር የለም፤ ጨረሩንና ወጪውን ብቻ ነው የምትሸከሙት። ሐኪሙ አንድ ነገር ከጠረጠረ ግን ወደ ባሕር ዳር ይጻፍላችኋል፤ ያን ጊዜ መንገዱን አይፍሩት። መኪና ውስጥ ፊት ትቀመጥ፣ ትንሽ በልታ ትውጣ፣ ስልክ አትይ።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ ታዲያ አንድ ነገር ልለምንዎ። ተራው የልጅቷ ቢሆንም እርስዎም ግፊትዎን ይለኩ። ከዚያ ሻሽዎን ጠፍረው የሚተኙባቸውን ቀናት በዚያው ደብተር፣ በሌላኛው ገጽ ይጻፏቸው።